ትንሽ ግኝትን ለሰው ማካፈል፦ ከደሴ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ጠዋት ስልክ ሲከፈት የሚጠብቀንን ሁላችንም እናውቀዋለን። የጽጌረዳ ሥዕል፣ እንፋሎቱ የሚወጣ የቡና ስኒ፣ ከሥሩ «መልካም ቀን ይሁንላችሁ» የሚል ጽሑፍ። ላኪው ክፉ አላሰበም፤ ተቀባዩ ግን ሳያነበው ያልፈዋል። ምክንያቱም ሄዶ የሚያየው ወይም እቤቱ የሚሞክረው ነገር የለበትም። ያለው «ደስ ይበላችሁ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ በትእዛዝ ደግሞ ማንም ደስ ብሎት አያውቅም።

ይህ መመሪያ ስለ ሌላው መንገድ ነው። በየቀኑ ከምናልፍባቸው ነገሮች አንዱን አስተውሎ፣ አጣርቶ፣ ለሚሆነው ሰው በሚሆነው ሰዓት መንገር። አንድ ደንብ አለኝ፣ የቀረው ሁሉ ከእሱ ይወጣል፦ ስሜቱን ሳይሆን ነገሩን ስጡ። «ዛሬ ጠዋት እንዴት ደስ ይል ነበር መሰላችሁ!» ካላችሁ ስሜት ነው የሰጣችሁት፤ ሰሚው «እሰይ» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። «ነገ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በረንዳ ወጣ ብለሽ ወደ ጦሳ ተራራ እዪ» ካላችሁ ግን ነገሩን ሰጣችኋት። ደስታው ከመጣ በራሱ ይመጣል። ካልመጣም የተጎዳ ሰው የለም።

ምሳሌዎቼ የደሴ ናቸው፤ ብዙዎቹ ኮምቦልቻም ይሠራሉ። የማይሠሩትን ቦታቸው ላይ እናገራለሁ።

ከደጃፍ መጀመር

ግኝት ሲባል ብዙ ሰው ሩቅ ቦታ ይመስለዋል። ሐይቅ ወርዶ ዓሣ በልቶ ፎቶ መነሣት ደግ ነገር ነው፤ ግን ሐይቅ ቆንጆ መሆኑን ለወሎዬ መንገር ምን ይጠቅማል? ሰው የሚገረመው በየቀኑ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ያላየውን ስታሳዩት ነው።

ጦሳን እንውሰድ። ተራራው ከከተማው በስተምዕራብ ነው፣ የአዝዋ ገደል ደግሞ በስተምሥራቅ፤ ደሴ መሀላቸው ተቀምጣለች። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እኛ ገና ጥላ ውስጥ ሳለን የጦሳ አናት ይበራል። ብርሃኑ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል፤ መጀመሪያ ባሕር ዛፉን፣ ቀጥሎ ከፍ ብለው የተሠሩትን ቤቶች ቆርቆሮ፣ በመጨረሻ አስፋልቱን ይነካል። ከላይ እስከ ታች ሲደርስ ቆሞ ማየት ይቻላል። ማታ ይገለበጣል። ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ ቶሎ ስለምትገባ ተራራው ሥር ያለው ሰፈር ሲቀዘቅዝ ከአዝዋ በኩል ያለው ገና ይሞቃል። ይህን ያስተዋለች ሴት በርበሬዋን የት እንደምታሰጣ፣ ልብሷንም የትኛው ገመድ ላይ ብታሰጣው እንደሚደርቅላት ታውቃለች።

ልብ በሉ፣ ነገሩን ግኝት ያደረገው ምክንያቱ ነው። «ጦሳ ጠዋት ያምራል» ማለትን ማን ያጣዋል? ተራራው በምዕራብ ስለሆነ ብርሃን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል ሲባል ግን ሰሚው ነገ ሄዶ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ ሌላ ተራራ ሲያይም ያንኑ ይጠይቃል። ስለዚህ ዓይናችሁን የሳበ ነገር ሁሉ ፊት አንድ ጥያቄ አስቀምጡ፦ ለምን እዚህ፣ ለምን አሁን?

ዓይን ካልለመደ ቀላል ልምምድ አለ። በባጃጅ የምትሄዱበትን መንገድ አንድ ቀን በእግር ሂዱ። ሁልጊዜ ቁልቁል የምትወርዱበትን አንድ ቀን ሽቅብ ውጡት፤ ደሴ ላይ ዳገት ሞልቷል። ስልኩ ኪስ ይግባ። ጆሮና አፍንጫም ያያሉ፤ በየትኛው መንደር በስንት ሰዓት ቡና እንደሚቆላ የሚያውቅ ሰው ሀብቱ ትንሽ አይደለም።

ወዲያው መጻፍ

ማታ እጽፈዋለሁ የተባለ ነገር አይጻፍም። ደብተርም ይሁን የስልክ ማስታወሻ፣ አራት ነገር ይበቃል፦ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሆነ፣ ለማየት ምን ያስፈልጋል። ሰዓቱ ላይ «በሀበሻ» ወይም «በፈረንጅ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ፤ ስልካችሁ በአንዱ፣ አፋችሁ በሌላው ስለሚቆጥር ከወር በኋላ ራሳችሁ ትምታታላችሁ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ሁሉ በሀበሻ ነው።

«ቆንጆ»፣ «አስደናቂ»፣ «ልዩ» የሚሉትን ደብተሩ ላይ አታስፍሩ። ስትናገሩ ካስፈለጉ በራሳቸው ይመጣሉ።

ማጣራት

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ደስ የሚል ወሬ ሳይጣራ በቶሎ ይበራል፤ ሰው ሞክሮት ካልሠራለት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ አይሰማችሁም። ማጣራት ማለት በሌላ ቀን ደግሞ ማየት፣ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ፣ ከተቻለም በእጅ መሞከር ነው።

ከምወዳቸው ግኝቶች አንዱን ከነማጣሪያው ላሳያችሁ። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዚህ ምክንያት በዓመት ሁለት ቀን፣ ሚያዝያ 11 አካባቢና ነሐሴ 18 አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ያን ጊዜ ጥላ የለውም። ነሐሴ ደመና ነው፤ ስለዚህ የሚያዝያው ይሻላል። ምንም እንኳ እኛ ጋ ሚያዝያ የበልግ ደመና ቢኖረውም፣ አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ብታደርጉት ልዩነቱ በዓይን አይያዝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ፈልጉና ደልዳላ መሬት ላይ ትከሉ። መቆሙን በዓይን ግምት አትመኑ፤ የግንበኛ ቱንቢ ካለ እሱን፣ ከሌለ ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥላችሁ ከሁለት አቅጣጫ አስተያዩት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጥላው ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ምዕራብ ተጋድሞ ታገኙታላችሁ። ጫፉ ላይ ጠጠር አስቀምጡ። በየአምስት ደቂቃው ሌላ ጠጠር ጨምሩ። ጠጠሮቹ ወደ እንጨቱ እየተጠጉ ይመጣሉ፤ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ላይ ጥላው እንጨቱ ሥር ይገባና ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ በወዲያኛው በኩል፣ ወደ ምሥራቅ ብቅ ይላል። ሕፃናት ካሉ ጠጠር የማስቀመጡን ሥራ ለእነሱ ተዉ፤ እርስ በርስ እንዳይጣሉ ብቻ ተራ አውጡላቸው። ፀሐይዋን ግን ቀና ብሎ ማየት አይፈቀድም፤ የምንከተለው ጥላውን ነው።

«ለምን ልክ ስድስት ሰዓት አልሆነም?» የሚል አይጠፋም፤ መልሱን ይዛችሁ ጠብቁ። ሰዓታችን የተሰፈረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው የ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው። ደሴ 39 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ናት። ፀሐይ አንዱን ዲግሪ ለመሻገር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት እኛ ጋ ሃያ ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትደርሳለች።

አሁን ማጣሪያው። ይህን ለአዲስ አበባ ዘመድ በዚያው ቀን ሞክሩት ብትሉት ያፍርባችኋል፤ አዲስ አበባ ወደ ደቡብ ዝቅ ስለምትል ቀኑ ቀደም ብሎ ሚያዝያ 5 ገደማ ነው። ሪያድ ላለችው እህታችሁ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም፤ ሪያድ ፀሐይ ከምትደርስበት የሰሜን ጫፍ ያለፈች ስለሆነች እዚያ ፀሐይ በፍጹም አናት ላይ አትወጣም። ኮምቦልቻ ላለ ሰው በዚያው ቀን ይሠራል። እንግዲህ አንድ ግኝት ከቦታውና ከቀኑ ጋር ካልተነገረ ግማሹ ጠፍቷል ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘች፣ ለወሎ ሰው በተለይ የምትሆን አንዲት አለች። ግንቦት 20 ገደማ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18፣ ሐምሌ 9 ገደማ ደግሞ 6 ሰዓት ከ27 ላይ ፀሐይ መካ ላይ ልክ በካዕባ አናት ትሆናለች። በዚያች ደቂቃ ፀሐይ በሚታይበት አገር ሁሉ ወደ ፀሐይ የዞረ ሰው ወደ ቂብላ፣ ማለትም ሙስሊሞች ሲሰግዱ ወደሚዞሩበት አቅጣጫ፣ ዞሯል። ደሴና መካ በኬንትሮስ ከሞላ ጎደል አንድ መስመር ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ከደሴ ቂብላ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው ቢባል ስህተቱ ከቁጥር አይገባም። ያ የአንድ ሜትር እንጨት በዚያ ሰዓት አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል፤ ቂብላው ከጥላው በተቃራኒ ነው። የሐምሌው ቀን በእኛ ደመና ውስጥ ስለሚውል የግንቦቱን ያዙ። ይህችን የነገርኳቸው አንድ ሼህ አዳምጠው ሲያበቁ «አላህ ይጨምርልህ» ብለው መርቀውኝ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ አቁመው ጥላውን ማየት ጀመሩ።

የወጥ ቤትም አለ። ባሕር ጠረፍ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 94 ያህል ነው። እሳቱን ብታግለበልቡት ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ቶሎ ያልቃል እንጂ። ሽምብራና ባቄላ ደሴ ላይ አልበስል የሚሉት አንድም በዚህ ነው። መላው ማታ ዘፍዝፎ ማደር፣ ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ በመጠነኛ እሳት መቀቀል ነው። ከቆላ ተድራ የመጣች ሙሽራ «እጄ ነው የከፋው» ብላ ስትጨነቅ ይህን መስማቷ ቀላል ነገር አይደለም።

ለማን?

ለሁሉም የተላከ ለማንም አልተላከም። ግኝቱ እጃችሁ ላይ ሲገባ መጀመሪያ የአንድ ሰው ፊት ይምጣላችሁ። ጥላው ለልጆችና ለአስተማሪ ነው። የሽምብራው ነገር ለአዲስ ባለትዳር፣ ለላጤም። ባጃጅ ነጂ ስለ ጦሳ ብርሃን ብትነግሩት በትሕትና ይሰማችኋል፤ የሚፈልገው ግን በገበያ ቀን የማይዘጋውን የውስጥ መንገድ ነው፤ ያን ያወቃችሁ ቀን ንገሩት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከሞቃት አገር ለመጣ ተማሪ ኮምቦልቻ ሲወርድ ጃኬቱን የት ላይ እንደሚያወልቅ መንገር ጨዋታም ጥቅምም ነው፤ በሐረጎ ቁልቁለት ታጥፎ ታጥፎ ሲወርድ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚቀንስ ሙቀቱ አራት ዲግሪ ያህል ይጨምራል።

ለሕፃን የሚሆን ስትፈልጉ ውሃ አይሳሳትም። ዝናብ ሲያባራ በቦዩ የወረቀት ጀልባ የሚለቅ ልጅ ታገኛላችሁ። ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁት፤ «ባሕር» ይላችኋል። ወደ ቦርከና ይገባል፣ ቦርከና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፣ ከዚያ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽ ግን ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ያ ልጅ ማታ አባቱን በዚህ ጥያቄ ያፋጥጠዋል።

ቡና ላይ

ደሴ ላይ ከቡና የተሻለ መድረክ የለም፤ ሥርዓቱን ግን ማክበር ነው። አቦል የጤና መጠየቂያ ነው። የታመመ፣ የሞተበት፣ ልጁ የጠፋበት፣ የውሃ ፈረቃ ያለፈበት ሰው መጀመሪያ ይናገራል፤ እዚያ መሀል ገብታችሁ «አንድ ደስ የሚል ነገር ላውራላችሁ» ካላችሁ ቀልቃላ ትባላላችሁ፣ እውነትም ነው። ሁለተኛው ሲቀዳ ወሬው ይላላል፤ ያኔ ነው ጊዜው። በረካ ላይ ደግሞ ሰው ለመነሣት ይቁነጠነጣል፣ ምርቃቱም አለ።

ትልቅ ሰው ፊት ሲሆን ማስተማር ሳይሆን መጠየቅ ያምራል። እንዲህ፦

«እማማ፣ ነገ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ቤት ነዎት?»

«የት እሄዳለሁ ብለህ ነው፣ ልጄ? ምን ልታደርግልኝ?»

«ምርኩዝዎን አንዴ ያውሱኝ። ግቢው መሀል አቁሜ የማሳይዎት ነገር አለ። ጥላው ይጠፋል።»

«ጥላው? ኧረ እኛ ጥላ በጫማ እየለካን ነው ሰዓት እያወቅን ያደግነው! መቼ እንደሚጠፋ ግን አላየሁም። በል ና፣ ቡናውንም ለዚያው ሰዓት አስደርሳለሁ።»

እዚህ ላይ የሆነውን አያችሁ? እማማ የራሳቸውን ይዘው መጡ። ጥላን በእግር እየለኩ ሰዓት ማወቅ የአባቶች ጥበብ ነው፤ ከእኔ እንጨት የሚበልጥ ነገር ነው ያወጡት። እንዲህ ሲሆን የእናንተን ትታችሁ የእሳቸውን አስጨርሱ። በስንት ጫማ ስንት ሰዓት ይባል እንደነበር፣ በወሩ ይለያይ እንደሆነ ጠይቁና ደብተራችሁ ላይ አስፍሩት።

በስልክ

ቴሌግራም ላይ የቤተሰብ ወይም የሰፈር ግሩፕ ካላችሁ ብልሃቱ ማሳጠር ነው። ይህንን አነጻጽሩ።

«ሰላም ውድ ቤተሰቦች! ፈጣሪ ይመስገን ዛሬም በሰላም ነቅተናል! ተፈጥሮ ምን ያህል ድንቅ እንደሆነች ዛሬ ተረዳሁ! በሕይወታችን ትናንሽ ነገሮችን እናድንቅ!»

«ነገ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ወደ ጦሳ በምታይ በረንዳ ላይ። ብርሃኑ ከአናቱ ጀምሮ ይወርዳል። ጋቢ ደርቡ፣ ይበርዳል። ደመና ከሆነ ለእሑድ ይተላለፍ።»

በመጀመሪያው ሥር አሥር ሰው «አሜን» ይላል። በሁለተኛው ሥር አንዱ «እኔ ጋ አይታይም፣ ፎቅ ጋርዶኛል» ይላል፣ ሌላዋ «ከእኛ ጣሪያ ይታያል፣ ኑ» ትላለች። የትኛው እንደሚሻል እናንተው ፍረዱ።

ፎቶ አንድ ይበቃል። ቪዲዮ ጥቅል ይበላል፤ ሰው ዳታውን ለእናንተ ጀምበር መክፈል የለበትም። ፎቶ እንደ ፋይል ስትልኩ የተነሣበትን ቦታ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል የሰው ቤት ከሆነ እንደ ተራ ፎቶ ላኩት። ሰው ያለበትን ደግሞ ሳታስፈቅዱ አትላኩ፤ በተለይ ሶላት ላይ ወይም ቅዳሴ ላይ ያለ ሰው፣ የሰው ልጅ፣ ጉሊት ላይ የተቀመጠች እናት። «ቆንጆ ስለሆነ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም።

ዓረብ አገር ላሉት ከፎቶ ይልቅ ድምፅ ላኩ፤ ይህ የግል አስተያየቴ ነው፣ ግን የሰማሁት ሁሉ ያጸናልኛል። ፎቶማ ሁሉም ይልክላቸዋል። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሐምሌ ዝናብ፣ ሲነጋጋ አዛንና ቅዳሴ አንድ ላይ ሲሰሙ፣ ሙቀጫ ሲወቀጥ፤ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፣ ዳታም አይፈጅ። መጀመሪያ ላይ «አሁን ከእንትን ቤት በረንዳ ነኝ» በሉና ዝም በሉ። መሀል እየገባችሁ አታስረዱ። ሪያድና ጅዳ ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ «አሁን» ያላችሁት ለእነሱም አሁን ነው፤ ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድመናል። የቤት ሥራ ላይ ያለች ልጅ ግን በአሠሪዎቿ ፊት ስልኳ እንዳይጮህባት መቼ መላክ እንደሚሻል አስቀድማችሁ ጠይቋት።

በሳምንት አንድ ከበቂ በላይ ነው።

ዝም የሚባልበት ጊዜ

ለቅሶ ቤት ይህ ሁሉ አይሠራም። ሦስተኛው ቀን ካለፈ በኋላ፣ ሰዉ ሲበተንና ቤቱ ጭር ሲል፣ ያኔ አንዲት ትንሽ ነገር ይዞ መሄድ ይቻላል፤ «አይዞሽ፣ ትረሽዋለሽ» ከማለት ግን ተቆጠቡ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ያለፉበትን የማያውቅ የለም። በዚያ ውስጥ ያለፈ ሰው «መልካሙን ብቻ አስብ» ሲባል መናደዱ ትክክል ነው። ነገሩን ስጡ፣ ስሜቱን ተዉት ያልኩት ለዚህ ጭምር ነው፤ ልብስ ቶሎ የሚደርቅበትን ገመድ የሚያሳይ ሰው ማንንም ደስ ይበልህ ብሎ አላስገደደም። «አብሽር» የምትባለው የአገራችን ቃል በቂ ስትሆን እሷን ብቻ ብላችሁ ውጡ።

ሌላም አለ። የእናንተ ደስታ የሌላው ጉዳት ከሆነ አታሰራጩት። ሰኞ ገበያ ሊበተን ሲል ገበሬው ጎመኑን ተሸክሞ ከሚመለስ በረከሰ ዋጋ ይሰጣል፤ ይህ ለገዢ ግኝት ነው። ለራሳችሁ ከሆነ ግዙ፤ ሁለት መቶ ሰው ላለበት ግሩፕ «እስከ ማታ ጠብቃችሁ ሂዱ» ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ወፍ ጎጆ የሠራበትን ዛፍ በትክክል መጠቆምም እንዲሁ፤ ሰፈሩ ውስጥ ወንጭፍ የያዘ አይጠፋም።

ዓመቱን ሙሉ

ነገር ካጣችሁ ወራቱ ራሳቸው ያቀብላሉ። መስከረም ላይ አደይ አበባ መጀመሪያ የትኛው ዳገት ላይ እንደወጣ መዝግቡ፤ በዓመቱ ከዚያው ቀን ጋር ታስተያያላችሁ። ታኅሣሥ 4 ለ5 አካባቢ ሌሊት በየዓመቱ ተወርዋሪ ኮከቦች ይበዛሉ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የመንገድ መብራት ከሌለበት ግቢ ጀርባችሁን ለጥፋችሁ ተኙ። በበጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል፤ ብርድ ልብስ ሳይዝ የወጣ አሥር ደቂቃ አይቆይም። ሚያዝያ የጥላው ወር ነው። ግንቦት ቂብላው። ክረምቱ ሲገባ ጉሙ አዝዋን ሞልቶ ከተማው ላይ ሲወጣና ሲመለስ ሰዓቱን ያዙ፤ ሰፈር ለሰፈር ስለሚለያይ ከዘመድ ጋር በስልክ «እናንተ ጋ ገባ?» መባባሉ ብቻ ጨዋታ ነው።

መልሶ ሲመጣ

አንድ ቀን የእናንተው ግኝት በሌላ ሰው አፍ ይመጣላችኋል። ቡና ላይ አንዱ «ሰምታችኋል? ሚያዝያ ላይ ጥላ ይጠፋል» ብሎ ሲጀምር «እኔ ነኝ የነገርኩህ» አትበሉ። ቀኑን ወይም ቦታውን አሳስቶ ከሆነ ግን እዚያው አርሙት፤ አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ በደሴ ቀን ሊልክለት ይችላልና።